በጎልያድ ከተማ ቁመት ስንት ያወጣል? ልጆቻችንና ቅርጫት ኳስ

የምንኖርባት ቂርያት ጋት ስሟን የወረሰችው ከጎልያድ አገር ከጌት እንደሆነ ይታወቃል። ከተማችን በ1950ዎቹ ስትቆረቆር በአጠገቧ ያለው ጉብታ የጥንቷ ጌት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ ሊቃውንቱ እውነተኛዋን ጌት ከእኛ ወደ ሰሜን በሚገኘው በቴል ጻፊት ላይ አገኟት፣ ስሙ ግን እኛው ዘንድ ቀረ። የጎልያድ ቁመት ራሱ ሊቃውንትን የሚያከራክር ነገር ነው። በእጃችን ያለው መጽሐፈ ሳሙኤል ስድስት ክንድ ከስንዝር ያደርገዋል፤ ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። በሙት ባሕር አካባቢ ዋሻዎች የተገኘው ጥንታዊ ብራናና የቆየው የግሪክ ትርጉም ግን አራት ክንድ ከስንዝር ይሉታል። ይህ ሁለት ሜትር ገደማ ሲሆን ዛሬ በማንኛውም ደህና የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ተቀምጦ የምናገኘው ቁመት ነው።

በዚህች ከተማ ውስጥ ሆነን የቁመትን ነገር ብናነሣ እንግዲህ አይፈረድብንም። ያነሣንበት ምክንያት ግን ጨዋታ አይደለም። በየዓመቱ የመስከረም በዓላት አልፈው የልጆች ሑጎች ሲጀመሩ በማኅበራዊ ሥራ የተሰማራን ሰዎች ጆሮ የሚደርስ አንድ ዓይነት ወሬ አለ። ልጁ 12 ወይም 13 ዓመቱ ነው። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ካዱርሳል ሲጫወት ቆይቷል፤ ኳስ ይገፋል፣ ያቀብላል፣ ይሮጣል። የዕድሜው ቡድን ተጣርቶ ወደ ሊግ ሲገባ ግን አሠልጣኙ ትከሻውን መታ መታ ያደርግና "ጎበዝ ነህ፣ ግን አጭር ነህ፤ ለምን ሩጫ አትሞክርም?" ይለዋል። ልጁ ቤት ገብቶ ሲናገር አባት "እውነቱን ነው፣ ካዱርሳል የረጃጅሞች ነው" ይላል። እናትም ከሥራ ደክማ የገባች ናትና የምትከፍለው ገንዘብ ስለቀረላት በልቧ ተመስገን ብትል አንፈርድባትም። ከዚያ በኋላ ልጁ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት የት እንደሚውል የሚጠይቅ የለም። እኛ ልጁን የምናገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ፋይል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በቁመት ያነሰ ቡድን በተለይም እንደ ኮሌጅ ባለ ደረጃ ረጅሙን ሊያሸንፍ ይችላል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የ12 ዓመት ልጅ ቁመት አንዳች ነገር ይነግረናል ወይ የሚል ነው። አሠልጣኞችም ወላጆችም ሁለቱን ያደባልቋቸዋል።

በመጀመሪያው እንጀምርና እውነቱን ሳንሸፋፍን እንናገር፤ ቁመት ይጠቅማል። ቅርጫቱ የተሰቀለው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ወደዚያ የቀረበ እጅ ብልጫ አለው። በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ በኤንቢኤ የተጫዋቾቹ አማካይ ቁመት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ይህን የሚክድ ሰው ልጆቹን እየዋሸ ነው። በእርግጥ ማግሲ ቦግስ የተባለ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው በዚያ ሊግ 14 ዓመት ተጫውቷል። በ1987 እና በ1988 የውድድር ዘመን በዋሽንግተን ቡድን ውስጥ ከደቡብ ሱዳኑ ማኑት ቦል ጋር አብረው ነበሩ፤ ቦል 2 ሜትር ከ31 ነበርና ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው 71 ሳንቲ ሜትር ነበር። ነገር ግን ቦግስን እየጠቀሱ ልጅን ማጽናናት አንወድም። በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ የሚታይ ሰው ለሁሉም ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

የሚያስተምረን የቡድኖች ታሪክ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአሜሪካ ኮሌጆች የተሻለ ቦታ የለም። በ1964 የሎስ አንጀለሱ የዩሲኤልኤ ቡድን በአሠልጣኝ ጆን ውድን መሪነት 30 ጨዋታ አድርጎ 30ውንም አሸነፈ። ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች አንድም ከ1 ሜትር ከ96 የሚበልጥ አልነበረም። በፍጻሜው የገጠማቸው ዱክ ዩኒቨርሲቲ 2 ሜትር ከ8 የሚደርሱ ሁለት ተጫዋቾች ነበሩት፤ ውጤቱ ግን 98 ለ83 ሆነ። እንዴት? ውድን ልጆቹን ከቅርጫት ሥር አላቆማቸውም። ተጋጣሚው ኳሱን ከራሱ ቅርጫት ሥር ማውጣት ሲጀምር እዚያው በሜዳው ሙሉ ርዝመት ተከፋፍለው ይይዙታል፤ ፕሬስ የሚባለው ነው። ረጅሙ ሰው ኳስ እየገፋ ሜዳውን ለማቋረጥ አልተፈጠረም፤ ይጨነቃል፣ ይሳሳታል፣ ይደክማል። ቁመት የሚጠቅመው ከቅርጫቱ በታች ባለችው ጠባብ ቦታ ሲሆን የቀረው ሜዳ የእግርና የሳንባ ነው። ውድን ያደረገው ጨዋታውን ከጠባቧ ቦታ አውጥቶ ወደ ሰፊው ማምጣት ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ተከታዩን ይዘሉታል። እኛ አንዘልም። ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ውድን 2 ሜትር ከ18 የሆነውን ልጅ፣ በኋላ ከሪም አብዱል ጀባር ተብሎ የታወቀውን ሉ አልሲንዶርን አሰለፈና ከ1967 እስከ 1969 ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወሰደ። በአጫጭሮች ያሸነፈው ሰው ረጅም ሲያገኝ አልፈልግም አላለም። የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ደግሞ በ1967 ኳስን በቅርጫት ውስጥ ከላይ መክተትን ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 1976 ቆየ። ሕግ እስከማስቀየር የደረሰ ቁመት ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም።

ከሁሉም በላይ ግን ለእኛ ማኅበረሰብ የሚቀርበው የ1966ቱ ፍጻሜ ነው። በመጋቢት 19 ቀን 1966 በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር ከኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጋጠመው ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ከኤል ፓሶ ከተማ የመጣው ቴክሳስ ዌስተርን የተባለ ብዙ ሰው የማያውቀው ኮሌጅ ነበር። ኬንታኪ ነጮች ብቻ የሚጫወቱበት ቡድን ሲሆን በአገሩ ሁሉ የተከበረ ነበር። የቴክሳስ ዌስተርን አሠልጣኝ ዶን ሃስኪንስ አምስት ጥቁሮችን በመጀመሪያ ተሰላፊነት አወጣ። በኮሌጆች ፍጻሜ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎች የሚያስታውሱት ይህንኑ የቀለሙን ነገር ነው፤ በ2006 ፊልምም ተሠርቶበታል።

የቁመቱ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኬንታኪዎች ራሳቸው በዚያ ዓመት "ድንክዬዎቹ" የሚል የቁልምጫ ስም የወጣላቸው አጫጭሮች ነበሩ፤ ከቋሚ ተሰላፊዎቻቸው አንድም ከ1 ሜትር ከ96 አያልፍም። ጉልበታቸው በፍጥነታቸው ነበር። ሃስኪንስ 2 ሜትር ከ3 የሆነ ኔቪል ሼድ የሚባል ተጫዋች ነበረው፤ ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን "እነሱ አጫጭር ናቸው፣ እኛ ረጅሙን አውጥተን ከላይ እንጨርሳቸው" ባለ ነበር። ሃስኪንስ ግን ሼድን ከመነሻው አስቀምጦ 1 ሜትር ከ68 የሆነውን ዊሊ ወርስሊን አስገባ። ፈጣኑን በፈጣን ገጠመው። 1 ሜትር ከ78 የሆነው ቦቢ ጆ ሂል በመጀመሪያው አጋማሽ ከኬንታኪ ተጫዋቾች እጅ በተከታታይ ሁለት ኳሶችን ነጥቆ ሁለቱንም አስቆጠረ፤ በጨዋታው በጠቅላላ 20 ነጥብ አገባ። ውጤቱ 72 ለ65 ሆነ። በዚያን ጊዜ ብዙ ነጮች ስለ ጥቁር ተጫዋች የሚሉት "ይዘላል እንጂ አያስብም፣ አይረጋጋም" የሚል ነበር። ያ ቡድን ያሸነፈው ግን በመከላከል፣ በትዕግሥትና በነጻ ውርወራ ነው። በቁመትም በቀለምም አስቀድሞ የተነገረው ግምት በአንድ ሌሊት ወደቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ቤታችን እንመልከት። "አጭር ነህ፣ ሩጫ ሞክር" የሚለው ምክር ስለ ቁመት ብቻ ነው ወይ? ሁልጊዜ እንዳልሆነ እንጠረጥራለን። አጭር የሩሲያ ወይም የሞሮኮ ልጅ ሲሆን "ጋርድ ይሆናል" የሚል አሠልጣኝ የእኛን ልጅ ሲያይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ይታወሰዋል። ክፋት ነው አንልም፤ አንዳንዱ በአድናቆት የሚናገረው ነው። ኃይሌ 1 ሜትር ከ65 ገደማ መሆኑ፣ ማሩ ተፈሪ በ2022 በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ፣ በ2023 ደግሞ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ለእስራኤል ሌላ ብር ማምጣቱ ሁላችንን ያኮራል። በሙኒክ ጋሻው አያሌ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዶ የእስራኤል ወንዶች በቡድን ወርቅ ሲያገኙ እልል ያላልን የለንም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያን ታላላቅ ሯጮች ብንቆጥር ብዙዎቹ የተነሡት ከአርሲና ከሸዋ ደጋዎች ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሦስቱም የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች የመጣን እኛ እርሻና ሸክላ፣ ብረት ቀጥቃጭነትና ሽመና እንጂ ሩጫ በደማችን አለ ብሎን የሚያውቅ አልነበረም። ቆዳ አይሮጥም። የሚሮጠው በልጅነቱ የሠለጠነ፣ አሠልጣኝና ጓደኛ ያገኘ ልጅ ነው።

በእግር ኳስ ይህ ግምት በከፊል ተሰብሯል። ባሩክ ዴጎ በ2004 ማካቢ ቴል አቪቭ የሆላንዱን አያክስን በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ 2 ለ1 ሲያሸንፍ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው እሱ ነበር። ኤሊ ዳሳም የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ለመሆን በቃ። በካዱርሳል ግን ልጆቻችን ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂት ስለሆኑም የሚመለከቱት ሰው የላቸውም፤ የሚመለከቱት ሰው ስለሌላቸው ደግሞ ጥቂት ሆነው ይቀራሉ። (ለነገሩ "አፍሪካዊ አጭር ነው" የሚል ካለ ከጋምቤላ ማዶ ያሉትን ደቡብ ሱዳኖች ይጠይቅ፤ አገራቸው ገና በ2011 የተመሠረተች ስትሆን በሐምሌ 2024 በለንደን በወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካኖቹን አስጨንቀው በአንድ ነጥብ ብቻ 101 ለ100 ተሸንፈዋል።)

ወደ ጨዋታው እንመለስ። የዛሬው ካዱርሳል ከ1966ቱ ተለውጧል፤ በሁለት በኩል ተለውጧል። በአንድ በኩል ሦስት ነጥብ የሚሰጠው መስመር አጭሩን ረድቶታል፤ በዓለም አቀፉ ሕግ ከቅርጫቱ 6 ሜትር ከ75 ርቆ የሚቆም ሰው ከፊቱ ያለው ተከላካይ 1 ሜትር ከ90 ይሁን 2 ሜትር ከ10 እንደ ቅርጫቱ ሥር ያህል አይጎዳውም። በ2015 የኤንቢኤ ፍጻሜ ጎልደን ስቴት ከክሊቭላንድ ጋር 2 ለ1 እየተመራ ሳለ በአራተኛው ጨዋታ 2 ሜትር ከ13 የሆነውን አንድሩ ቦጉትን አስቀምጦ 1 ሜትር ከ98 የሆነውን ኢጉዋዳላን አስጀመረ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ኢጉዋዳላም የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2014 ማካቢ ቴል አቪቭ በሚላኖ ሪያል ማድሪድን 98 ለ86 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሣ ምርጥ የተባለው 1 ሜትር ከ85 የሆነው ታይሪስ ራይስ ነበር።

በሌላ በኩል ግን ይህን ነገር እስከ ጥግ የወሰዱት ተጎድተዋል። ሂውስተን በ2020 ረጅሙን ሴንተሩን ሸጦ 1 ሜትር ከ96 በሆነ ሰው ከቅርጫት ሥር ለመከላከል ሞከረ። እነ አንቶኒ ዴቪስና ሌብሮን ጄምስ ያሉበት ሌከርስ 4 ለ1 አሰናበተው። ይህ ምን ይነግረናል? ተጋጣሚው ረጅም ብቻ ሲሆን ፍጥነት ያሸንፈዋል፤ ረጅምም ፈጣንም ሲሆን ግን መውጫው ይጠባል። ዛሬ ትልልቆቹ ቡድኖች የሚፈልጉት እንደ ዴኒ አቭዲያ ያለውን ነው፤ 2 ሜትር ከ6 ሆኖ እንደ አጭር ሰው ኳስ የሚገፋና የሚያቀብል። ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ኤንቢኤ እንልካለን ብለን አንፎክርም።

ኮሌጅ ግን ሌላ ነው፤ ጥያቄው ሕይወት የሚኖረውም እዚህ ነው። በኮሌጅ ደረጃ የምታገኘው ተጋጣሚ ረጅምም ፈጣንም ብልህም የሆነ አምስት ሰው የለውም። ቢኖረው ኖሮ ኮሌጅ ውስጥ አይቆይም ነበር። እዚያ በቁመት ያነሰ ቡድን የሚያሸንፍባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ኳስ ከቅርጫት ተመልሶ ሲወድቅ የሚያገኘው ሁልጊዜ የዘለለው አይደለም፤ ቀድሞ ጀርባውን ሰጥቶ ተጋጣሚውን ከኋላው የዘጋው ነው። በተቻለ መጠን ኳስ አለማባከን፣ ከረጅሙ ሰው ፊት ሳይሆን ከጀርባው እየሾለኩ መግባት፣ ብዙ ሰው እየቀያየሩ ተጋጣሚውን ማድከም ያስፈልጋል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ1996 ያለፈውን ዓመት የኮሌጆች ሻምፒዮን ዩሲኤልኤን 43 ለ41 ያሰናበተው እንዲህ በመሹለክ ነው። በ2018 ደግሞ ከሜሪላንድ ክፍለ ሀገር የመጣው ዩኤምቢሲ የተባለ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ በውድድሩ አንደኛ ተብሎ የተመደበውን ቨርጂኒያን 74 ለ54 ሲያደባየው ኳሱን የሚመራው ኬጄ ማውራ 1 ሜትር ከ73 ብቻ ነበር፤ ክብደቱ ደግሞ 64 ኪሎ ገደማ። በወንዶች ውድድር 16ኛ ተብሎ የተመደበ አንደኛውን ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አዮዋ ውስጥ የሚገኘው ግሪኔል ኮሌጅ ከዚህም አልፎ ሄዷል። አምስት አምስት ሰው እንደ ወታደር ፈረቃ በጥቂት ሰኮንዶች ይቀያይራል፤ ሁሉም ፕሬስ ያደርጋል፤ ሁሉም ከሩቅ ይወረውራል። በኅዳር 2012 ጃክ ቴይለር የተባለ 1 ሜትር ከ78 የሆነ ልጅ በአንድ ጨዋታ 138 ነጥብ አስቆጠረ። እውነቱን ለመናገር ያን ጨዋታ አልወደድነውም። ደካማ ተጋጣሚ ፊት አንድ ሰው 108 ጊዜ እንዲወረውር ማድረግ የቡድን ጨዋታ አይባልም። ዘዴው ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ በዚያ ኮሌጅ በየጨዋታው 15ና ከዚያ በላይ ልጅ ሜዳ ይገባል። አጭር ቡድን ብዙ ልጆችን ይፈልጋል። ረጅም ቡድን ሁለት ረጃጅሞችን ይዞ የቀሩትን ወንበር ላይ ያስቀምጣል። እኛ እንደ ማኅበራዊ ሠራተኞች የምናየው ይህንን ነው።

በእስራኤል የኮሌጅ ስፖርት እንደ አሜሪካ ገንዘብና ዝና ያለው አይደለም። ተማሪዎች በአሳ ሊግ ይጫወታሉ፤ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ነው፤ ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን የስፖርት ስኮላርሺፕም ብርቅ ነው። በዚህ ምክንያት ከከተማችን ወደ አሽቀሎን፣ ወደ ሳፒር ወይም ወደ ቤር ሸዋ የሚሄዱ ልጆቻችን "ምን ያደርግልናል?" ሊሉ ይችላሉ። የሚያደርገውን እናውቃለን። ከሠራዊት ወጥቶ ኮሌጅ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ነው የሚወድቀው። ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ ማታ ጥበቃ ሠርቶ፣ የሚያውቀው ሰው ሳይኖር። ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ ሲቀር "የት ጠፋህ?" የሚለው አሥር ሰው አለው። የስታቲስቲክስ ደብተር የሚያውሰው ያው ከጎኑ ኳስ የሚያቀብለው ነው። ሴት ልጆቻችንም እንዲሁ። ሻይ ዶሮን 1 ሜትር ከ75 ሆና በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የአሜሪካን የኮሌጆች ዋንጫ ከቡድኗ ጋር ወስዳ በ2007 በሴቶች ባለሙያ ሊግ የተጫወተች የመጀመሪያዋ እስራኤላዊት ሆናለች። ትምህርቷን ያገኘችው በኳሱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ፤ ለወላጆች ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ቁመት ምን ይነግረናል? በጣም ጥቂት። ሴቶች ልጆች በፍጥነት የሚያድጉት በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች ደግሞ 14 አካባቢ ነው። ነገር ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል። በአንድ ክፍል ከተቀመጡ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች አንዱ በሰውነቱ የ15፣ ሌላው የ11 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ረጅም የሆነው ቀድሞ የጨረሰ ሊሆን ይችላል፤ አጭሩም ገና ያልጀመረ። ማይክል ጆርዳን በ1978 በትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ሳይገባ ቀርቶ ከታናናሾቹ ጋር ሲመደብ ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ገደማ ነበር፤ በእሱ ዕድሜ ካሉት ቦታውን ያገኘው 2 ሜትር የደረሰ ጓደኛው ነው። ጆርዳን በኋላ 1 ሜትር ከ98 ሆነ። ዴኒስ ሮድማን ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ ነው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የጨመረው።

ሐኪሞች ለግምት የሚጠቀሙበት ቀላል ሒሳብ አለ። የአባትንና የእናትን ቁመት ይደምሩና ለወንድ ልጅ 13 ሳንቲ ሜትር ይጨምራሉ፣ ለሴት ልጅ 13 ይቀንሳሉ፤ ከዚያ ለሁለት ያካፍሉታል። አባት 166፣ እናት 156 ቢሆኑ ለወንድ ልጅ 167 ተኩል ይመጣል። ከዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር መሄዱ የተለመደ ነው። ይህ ሒሳብ ግን ለእኛ ቤተሰቦች አንድ ጉድለት አለበት። ወላጆቹ ራሳቸው የሚገባቸውን ያህል አድገው እንደሆነ ይገምታል። በ1984 እና በ1985 በረሀቡ ዘመን ልጅ የነበሩ፣ በሱዳን ካምፖች በወባና በተቅማጥ የተጠቁ፣ በእግራቸው ሳምንታት የተጓዙ ወላጆች ቁመታቸው የዘራቸው ልክ ላይሆን ይችላል። ረሀብና በሽታ ከልጅ ላይ ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ። በ2016 የወጣ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በመቶ ዓመት ውስጥ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር እንደጨመሩ አሳይቷል። ዘራቸው አልተለወጠም፤ ማዕዳቸውና ጤናቸው ተለወጠ። እዚህ ተወልዶ በጢፓት ሐላብ እየተመዘነና እየተከተበ ያደገ ልጅ አባቱን በጭንቅላት ቢበልጥ ሊገርመን አይገባም። በየቤቱ እያየነውም ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ አባትየውን በር ላይ አይቶ "ይህ ልጅ አያድግም" ቢል ሒሳቡ የተሳሳተ መሆኑን መናገር ይቻላል።

በእንግሊዝ የእግር ኳስ አካዳሚዎች ይህን ተረድተው ልጆችን አንዳንድ ጊዜ በልደት ዓመት ሳይሆን በሰውነት ብስለት መድበው ማጫወት ጀምረዋል። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ያን ጊዜ ችሎታው ይታያል። በቂርያት ጋት ይህን ያህል አንጠይቅም። የምንጠይቀው እስከ 15 ዓመት ድረስ ማንም ልጅ በቁመቱ ምክንያት ከቡድን እንዳይወጣ፣ ካልተቻለም ሁለተኛ ቡድን ተከፍቶ አዳራሹ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲሰጠው ነው። ወጪው አለ፤ እናውቃለን። ለአንድ አሠልጣኝ የሁለት ማታ ደሞዝና ለመብራት ነው።

ወላጆችም በበኩላችሁ አሠልጣኙን ጠይቁ። አፍራችሁ አትቅሩ፤ ዕብራይስጡ ቢያስቸግር ታላቅ ልጃችሁን ወይም በማትናሱ ያለውን የእኛን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ስንት ደቂቃ ይጫወታል? ቢያጥር እንኳ የትኛውን ቦታ እያስተማርኸው ነው? ከቅርጫት ሥር ብቻ የሚያቆሙት ረጅም ልጅ ካላችሁም ጠይቁ፤ ምክንያቱም እኩዮቹ ሲደርሱበት ኳስ መግፋት ያልተማረ "የቀድሞ ረጅም" ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው።

አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ጉዳይ ደግሞ አለ። ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ሰዎች የልደት ቀናቸው በግምት ተመዝግቧል፤ ከ2020 ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ ከመጡት ቤተሰቦች መካከልም ይህ ችግር ያለባቸው ያጋጥሙናል። በልጅ ላይ የአንድ ዓመት ስህተት በሜዳ ላይ ትልቅ ነው። ተቀንሶ የተጻፈለት ከታናናሾቹ ጋር ሲጫወት ጀግና ይመስላል፤ ተጨምሮ የተጻፈበት ደግሞ በዓመት ከሚበልጡት ጋር ሲጋፋ "አጭርና ደካማ" ይባላል፤ ክፍልም ውስጥ እንዲሁ። የተሳሳተ ዕድሜ በ1963ቱ የዕድሜ አወሳሰን ሕግ መሠረት በቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት በኩል ሊታረም ይችላል። የክርስትና መዝገብ የለንምና ማስረጃው አብዛኛውን ጊዜ የወላጅና የሽማግሌ ምስክርነት፣ የታላቅና የታናሽ ወንድም ዕድሜ፣ ከተቻለም የክትባት ካርድ ነው። ነገሩ ጊዜ ይወስዳልና ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው በፊት፣ ምስክር የሚሆኑት አያቶችም በሕይወት ሳሉ ቢጀመር ይሻላል።